ሰሙ ፕሮቲን፣ ወርቁ አርኤንኤ

ራይቦዞም በየሕዋሳችን ውስጥ ፕሮቲን የሚሸምን ረቂቅ ሸማኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቶማስ ስታይትዝና ባልደረቦቹ ከሙት ባሕር ጨው ወዳድ ደቂቅ ሕዋስ የወሰዱትን ራይቦዞም ወደ ክሪስታል ለውጠው በኤክስሬይ ሲመረምሩት፣ የፕሮቲን ሰንሰለት በሚቀጣጠልበት ስፍራ ያገኙት አርኤንኤን ብቻ ነበር። ፕሮቲኖቹ ዳር ዳሩን ደግፈው ቆመዋል። (ስታይትዝ በ2009 ከአዳ ዮናትና ከቬንካትራማን ራማክሪሽናን ጋር ኖቤል ተሸለመ።) ቅኔ ወዳዱ የባንክ ጸሐፊ ግን ሰሙን ፕሮቲን፣ ወርቁን አርኤንኤ ብዬዋለሁ።

አዲሱ ሰንሰለት የሚወጣው በጠባብ ዋሻ ነው። ፒያሳ ከባንካችን ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት የሚሸጠው አዚትሮማይሲን፣ ኤል4 እና ኤል22 የተባሉ ፕሮቲኖች የባክቴሪያውን ዋሻ ከሚያጠቡበት አጠገብ ገብቶ፣ ከአርኤንኤው ግድግዳ ይጣበቃል፤ ሰንሰለቱም መውጫ ያጣል። በአማራ ክልል ለሚሊዮኖች የታደለው የትራኮማ ክኒን ይኸው ነው።

አያቴን ከጎጃም አምጥቼ አራዳ ጊዮርጊስን ሳሳልማት፣ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች በቃል ነገርኋት። ወረንጦዋ ከማተቧ ጋር ታስሯል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍት ብሌኗን ለዓመታት ሲፍቀው ኖሯል። ክኒኑንማ ውጣለች። እሱ ግን የሚያውቀው ተህዋሱን እንጂ ጠባሳውን አይደለም።