የመቶ አለቃው ሜዳልያ

አንድ ሀብታም የመቶ አለቃ ነበረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ የጦር አብራሪዎቿን ወደ ፈረንሳይ ስትልክ፣ ይህ ሰው የቡድናቸው ዓርማ ያለበት የነሐስ ሜዳልያ በገዛ ገንዘቡ አሠርቶ ለጓዶቹ አደላቸው። የራሱን በትንሽ የቆዳ ከረጢት ከትቶ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላኑ ተመታችና ጀርመኖች እጅ ወደቀ። መታወቂያውን ሁሉ ሲወስዱበት ከረጢቷን ንቀው ተዉለት። ሌሊት መድፍ ሲዘንብ ግርግሩን ተጠቅሞ፣ የሲቪል ልብስ ለብሶ አመለጠና ፈረንሳዮች ምሽግ ደረሰ። እነሱ ደግሞ ሲቪል ለብሰው በሚገቡ ሰርጎ ገቦች ተማርረው ኖሮ ሊረሽኑት ተነሡ። ሜዳልያውን አወጣ፤ አንዱ ዓርማውን ዐወቀው፤ ጥይቱ ቀረና አንድ ጠርሙስ ወይን ተሰጠው።

ቻሌንጅ ኮይን፣ ማለትም የጦር ክፍል ዓርማ ያለበትን የወታደር ሳንቲም፣ የሚሸጥ ሁሉ ይህን የአጀማመሩን ታሪክ በቃሉ ያውቃል። እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በምዘረጋት ጠረጴዛ ላይ ተርኬዋለሁ፤ ገዢ ይወደዋላ! ነገር ግን የመቶ አለቃው ስም የለውም። የቡድኑ ቁጥር አይነገርም፤ የትኛው ምሽግ እንደሆነም እንዲሁ። ጠርሙሱ ላይ ግን ተራኪ ሁሉ ይስማማል። አንድ ጡረተኛ ሳጅን እንዲያውም «ያ ሰው የአያቴ አዛዥ ነበር» አለኝ። ስሙን ብጠይቀው አያቱ አልነገሩትም፤ ወይኑ ቀይ እንደነበር ግን ነግረውታል።

ሌላም የሳንቲሙ የትውልድ ታሪክ አለ። ኮሪያ ላይ 17ኛውን እግረኛ ሬጅመንት ይመሩ የነበሩት ኮሎኔል ዊልያም ኩዊን፣ ጎሽ ያለበት ሳንቲም ለወታደሮቻቸው አሠርተዋል የሚሉ አሉ። ይህ ሬጅመንት የ7ኛው ክፍለ ጦር ነው፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃም ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተዋጋው በዚሁ ክፍለ ጦር ውስጥ፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነው። ስለዚህ የኮሪያ ዘማች ቤት ለእንግድነት ስሄድ ዓይኔ ከቡናው ይልቅ መሳቢያው ላይ ያርፋል። ጎሹን ግን እስካሁን አላየሁትም።

ሌሎቹ ደግሞ ነገሩን ወደ መጠጥ ቤት ይወስዱታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን የሰፈሩ አሜሪካውያን፣ ኪሱ ውስጥ ፌኒግ የተባለው የጀርመን ሳንቲም ያልተገኘበትን ሰው ቢራ ያስከፍሉ ነበር ይባላል። ቬትናም ላይ በፌኒግ ፋንታ ጥይት መጣ። ሁሉም ከጎረቤቱ የሚበልጥ ጥይት ይዞ ለመገኘት ሲፎካከር ነገሩ መድፍ ቤት ደረሰ፤ የሰከረ ሰው ፈንጂ ታቅፎ ሲቀመጥ ያየ አዛዥ ሳንቲም ቢመርጥ አይፈረድበትም። ባድ ቶልዝ፣ ጀርመን የነበረው 10ኛው ልዩ ኃይልም በ1960ዎቹ ልማዱን ካስፋፉት መካከል ይጠቀሳል።

እኔ ለመጠጥ ቤቱ እፈርዳለሁ። ማስረጃዬ ደንቡ ነው። አንዱ ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ ጧ! ሲያደርግ ሁሉም የራሱን ያወጣል። ያልያዘ ይጋብዛል፤ ሁሉም ከያዘ ጧ ያደረገው ራሱ ይከፍላል። ለማምጣት የሚፈቀደው አንድ እርምጃና የአንድ ክንድ ርቀት ብቻ ነው። ተበስቶ አንገት ላይ የተንጠለጠለ አይቆጠርም፣ ጌጥ ነው። ሳታስበው ከእጅህ አምልጦ ወለሉ ላይ ቢጮህም እንደ ጥሪ ይወሰድብሃል። ይህን ያወጣው ከመረሸን የተረፈ ሰው አይመስለኝም፤ በሰው ገንዘብ ቢራ መጠጣት ያማረው ነው።

ክብሩ ኋላ የመጣ ነው። ዛሬ ጄኔራሉ ሲጨብጥህ መዳፉ ውስጥ ሳንቲሙን ደብቆ ያሻግርልሃል፤ ንግግር የለም፣ ጭብጨባ የለም። ቢል ክሊንተንም ሰብስበውት ኖሮ፣ በዋይት ሐውስ ሥዕላቸው ላይ ከጀርባቸው ተደርድሮ ይታያል። ሰጪው አይሸጠውም፣ ተቀባዩም አይሸጠውም። ባለቤቱ ሲያርፍ ግን ልጆቹ ቤቱን ያጸዳሉ፣ የሲጋራ ካርቶን ሙሉ ያወጣሉ፣ እኔም እዚያ እገኛለሁ።

ከካርቶኑ መጀመሪያ የማነሣው ያረጀውን ነው። በናስ የተመታው ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ያቃጭላል፤ በዚንክ ቀልጦ የፈሰሰው ድፍን ድምፅ ነው ያለው። ቀለሙ ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚሞላ ጣት የዓርማውን ጠርዝ ያገኘዋል። ኪስ ውስጥ ዓመታት የከረመ እንደሆነ የንስሩ ምንቃር አልቆ ልሙጥ ይሆናል። ገዢዎች አዲሱን፣ ፕላስቲኩ ያልተፈታውን ይመርጣሉ። ለእኔ ያ ሳንቲም ገና ሥራ አልጀመረም።

ሥራ ሳይጀምር የተሸጠም አይቻለሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. የትራምፕና የኪም ጆንግ ኡን ስብሰባ ሳይካሄድ መታሰቢያ ሳንቲሙ ተሠርቶ አለቀ። ግንቦት ላይ ስብሰባው ተሰረዘ፤ ሰኔ ላይ ሲንጋፖር ተካሄደ። መሰረዙ ገበያውን አላቀዘቀዘውም፤ ሰው እንዲያውም ተሻማበት።

የጎረቤቴ እናት በቅርቡ ከአዲስ አበባ መጥተው አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛዬን ጎበኙ።

«ይሄ ገንዘብ የት አገር ነው የሚሠራው?»

«የትም አይሠራም፣ እማማ።»

«ታዲያ ማን ይገዛሃል?»

«አሉ፣ የሚሰበስቡ።»

መነጽራቸውን አስተካክለው እያገላበጡ ሲያዩ አንዱ ላይ ቆሙ። የፓራሹት ወታደሮች ጠባቂያቸው ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ሰይፉን መዝዞ ዘንዶውን የረገጠበት ሳንቲም በብዛት ይሠራል። እማማ ሳሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት።

«ሚካኤልን በገንዘብ ትሸጣለህ አንተ?»

መልስ ሳይጠብቁ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እህታቸውን ይዘው መጡ፤ እህትየዋም የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው።