ማስታወሻችሁ ማን ቤት ነው ያለው?

ስለ ማስታወሻ አፕ መጻፍ እዚህ ቻናል ላይ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ግን እስቲ አስቡት፤ እዚህ የምንከራከርባቸው ነገሮች ግማሾቹ "ማን፣ መቼ፣ ምን አለ?" የሚሉ ናቸው። ነዳጅ ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ስንት ነበር? መመሪያው ከመቼ ጀምሮ ይሠራል ነበር የተባለው? ባለሥልጣኑ ያኔ ምን ቃል ገባ? መልሱን የያዘውን ሊንክ ስንከፍተው ልጥፉ ተነሥቷል፣ ወይም ድረ ገጹ ራሱ የለም። በእጃችን የሚቀረው በዕለቱ የጻፍናት ማስታወሻ ብቻ ናት፤ እሷም ካለች።

ስለዚህ ባለፉት አምስት ወራት ስድስት የማስታወሻ አፖችን እያፈራረቅኩ ስጠቀም ቆየሁ። የቴክኖሎጂ ባለሙያ አይደለሁም። በየቀኑ የምጽፋቸውን ነገሮች ነው የጻፍኩባቸው፦ የገበያ ዋጋ፣ የመግለጫ ጭብጥ ከነቀኑ፣ የቤት ኪራይ ውል የሚታደስበት ቀን፣ የእናቴ የሐኪም ቀጠሮ፣ ለጽሑፍ ይሆናል ያልኩት ሐሳብ። በኢንተርኔት ላይ ያሉት ግምገማዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ መልክና ስለ ብልጭልጩ ነው። እኔ የፈለግኩት መልስ ሌላ ነበር፤ የጻፍኩት ነገር ነገ ስፈልገው ይገኛል ወይ?

የብዙዎቻችን የማስታወሻ አፕ ቴሌግራም ነው። "ሴቭድ ሜሴጅስ" የምትባለው ቦታ ላይ የመታወቂያ ፎቶ፣ የባንክ ደረሰኝ ስክሪንሾት፣ በኋላ አነበዋለሁ ያልነው ረጅም ጽሑፍ፣ የማን እንደሆነ የማናውቀው ስልክ ቁጥር ተከምሮ ይገኛል። አልንቃትም። ነፃ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ስልክ ስንቀይርም ትከተለናለች። ሆኖም ቁልፏ የስልክ ቁጥራችን ነው፤ ሲሙ ጠፍቶ ቁጥሩ ወደ ሌላ ሰው ቢዞር ጣጣው ብዙ ነው። አካውንቱ ለተወሰኑ ወራት ሳይከፈት ከቆየም ከነይዘቱ ራሱን ይሰርዛል። "ሲክሬት ቻት" ከሚባለው በቀር ደግሞ የምንጽፈው ሁሉ የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ፣ ኩባንያው ራሱ በያዘው ቁልፍ ነው። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ በአገሪቱ ተዘግተው እንደነበርም አንርሳ። ቪፒኤን የሌለው ሰው አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያላወረደውን የራሱን ሰነድ ማውጣት አልቻለም።

ታዋቂዎቹን አፖች ስናይ ደግሞ ነገሩ የቤት ኪራይ ይመስላል። ኤቨርኖት በአንድ ወቅት የዘርፉ ንጉሥ ነበር፤ ሰዎች የአሥር ዓመት ሕይወታቸውን ጭነውበታል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ቤንዲንግ ስፑንስ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ጠቀለለው። በዚያው ዓመት የአሜሪካና የቺሊ ሠራተኞቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ተሰናበቱ። በዲሴምበር ደግሞ በነፃ የሚጠቀም ሰው ከ50 ማስታወሻና ከአንድ ደብተር በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። ከዚያ በላይ ያለው ሰው የድሮውን ማየትም ማውጣትም ይችላል፤ አዲስ ለመጻፍ ግን መክፈል አለበት። ኩባንያው ሕግ አልጣሰም። ቤቱ የእሱ ነው፣ ኪራይ ጨመረ። የአዲስ አበባ ተከራይ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

የኖሽን ነገር ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በሩሲያ ላሉ ደንበኞቹ አገልግሎቱን አቋረጠ፤ የአሜሪካ መንግሥት በሶፍትዌር አገልግሎቶች ላይ የጣለው ገደብ ነበር ምክንያቱ። ስለ ጦርነቱ ያላችሁ አቋም ምንም ይሁን ምን፣ የትምህርት ዕቅዱን እዚያ ላይ የሚጽፍ አንድ ተራ አስተማሪ ዩክሬንን ለመውረር ድምፅ አልሰጠም። ማስታወሻው ግን በሁለት መንግሥታት መካከል ገባ። እኛ ደግሞ ከኃያላኑ ጋር ያለን ግንኙነት በየሁለት ዓመቱ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ አገር ነን።

ስለ ክፍያው ብዙ አልልም። አብዛኞቹ የሚከፈላቸው በዶላር ነው፣ በየወሩ። ከኢትዮጵያ ሆኖ የውጭ አገር ክፍያ የሚቀበል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና መሆኑን ታውቃላችሁ። ካርዱ ቢገኝ እንኳ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት የዶላር ይፋዊ ዋጋ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወር 10 ዶላር የሚባለው 570 ብር አካባቢ ማለት ነው። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደመወዙ በብር የሆነ ሰው ማስታወሻ ለመያዝ በዶላር ዕዳ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም።

ኢንተርኔትንም እንዲሁ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሳምንታት መላ አገሪቱ ላይ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በትግራይ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሁለት ዓመት፣ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት። ኖሽን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። አፑን የሠሩት ሰዎች በሚኖሩበት ከተማ ኢንተርኔት ሲጠፋ ዋሻ ውስጥ ባቡር ላይ ነህ፣ ወይም አውሮፕላን ላይ፤ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል። ለእኛ ኢንተርኔት የጠፋበት ቀን ማለት ማስታወሻ በጣም የምንፈልግበት ቀን ነው። ማን ምን እንዳለ፣ የት ምን እንደሆነ የምንጽፈው ያን ቀን ነው።

ከሁሉም በላይ ያደከመኝ ግን ፍለጋው ነው። በእንግሊዝኛ የሚገመግም ሰው "ፍለጋው ጥሩ ነው" ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ዋናው ነገር ይሄ ነው።

"የነዳጅ ዋጋ ጨመረ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ "ነዳጅ" ብዬ ፈለግኩ። ስሙን የማልጠራው አንዱ አፕ "ምንም አልተገኘም" አለኝ። ጉዳዩን ስመረምረው ቃሉን የሚያዛምደው ከመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ነው፤ "የ" ከፊት ስለተለጠፈችበት ለእሱ ሌላ ቃል ሆኗል። በአማርኛ ደግሞ ከፊቱ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ፣ ስለ ወይም እንደ ሳይለጠፍበት የሚሄድ ስም ስንት ነው? ሌሎቹ አፖች የቃሉን መሐልም ስለሚያዩ "የነዳጅ"ን አገኙት። "ነዳጁ" ሲሆን ግን እነሱም ሳቱ። ለኮምፒውተሩ "ጅ" እና "ጁ" እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደላት ናቸው። በላቲን ፊደል ቢሆን አናባቢዋ ከኋላ ትጨመራለች እንጂ የቃሉ ሥር አይነካም፤ በእኛ ግን ፊደሏ ራሷ ትለወጣለች።

በዚህ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ። "ኃይል" ብሎ የጻፈ ሰው ከስድስት ወር በኋላ "ሀይል" ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም። ሰው ለሰው ሲጻጻፍ ማንም ልብ አይለውም፤ አንባቢው ያስተካክለዋል። ማሽኑ አያስተካክልም፣ ካልተነገረው በቀር። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ አፕ መሥራት ለፕሮግራመር የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የአገራችን የአፕ ሠሪዎች ሌላ የማድረሻና የታክሲ አፕ ከሚጨምሩልን ይህን ቢሠሩልን ይሻል ነበር (ይቅርታ፣ ግን ይሻል ነበር)።

እስከዚያው ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ስፈልግ የመጨረሻዋን ፊደል እተዋለሁ፤ "ነዳ" ብዬ ስፈልግ የነዳጅም ነዳጁም ከነዳጆችም ይወጣሉ። አንዳንዴ ከብት የነዳ ሰው አብሮ ይመጣል፣ ምንም አይደለም። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ሥር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ሁለት ሦስት ቁልፍ ቃል አስቀምጣለሁ፦ ነዳጅ፣ ጤፍ፣ ኪራይ፣ ምንዛሪ። የደብዳቤ ወይም የማስታወቂያ ፎቶ ሳነሣም ከሥሩ ምን እንደሚል በሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ ያለዚያ ፎቶው ከሠርግ ፎቶዎች መሐል ገብቶ ይቀራል።

የሰዓቱና የቀኑ ነገርም አለ። የእናቴ ቀጠሮ "ማክሰኞ 3 ሰዓት" ነው። አስታውሰኝ ብዬ 3 ብሞላ ስልኩ ወይ ሌሊት ወይ ከሰዓት በኋላ ይጮኻል፤ 9 ብሎ መሙላት ያስፈልጋል። ጳጉሜን የሚያውቅ አፕ ካገኛችሁ ንገሩኝ። ማስታወሻዎቼን በቀን ቅደም ተከተል ለመደርደር ዓመቱን አስቀድሜ እጽፋለሁ። ምንዛሪው የተለወጠበት ዕለት "2016-11-22" ሆኖ ተቀምጧል፤ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ቢያየው ኖቬምበር 22 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል፣ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ስሕተት። ስለዚህ ከፊቱ "ዓ.ም." ብዬ እጽፋለሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ሁለት አቆጣጠር ያላት አገር ላይ ዕለቱ የማይታወቅ ማስረጃ ማስረጃ አይደለም።

"ምርታማነት" ስለሚባለው ነገር አንድ ቃል ልበል። ዩቲዩብ ላይ ኑሮህን በኖሽን አስተካክል የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ፤ ቀለም የተቀባ ሰንጠረዥ፣ የልማድ መቁጠሪያ፣ ለእያንዳንዱ ግብ አንድ አርማ። ጀበናው ሳይጣድ ስኒ መደርደር ነው። በእኔ የአምስት ወር ሙከራ ብዙ ሥራ የጨረስኩት ፎልደር በማላስተካክልባቸው ሳምንታት ነው።

ታዲያ ምን መረጥኩ? ጽሑፌን ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ ስልኬ ላይ የሚያስቀምጥ አፕ። እኔ የያዝኩት ኦብሲዲያን ነው፤ ለመጠቀም ክፍያ የለውም፣ የሚያስከፍለው በመሣሪያዎች መካከል ማመሳሰያውን ለፈለገ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ፎልደር አለ፣ እያንዳንዱ ማስታወሻ አንድ ፋይል ነው። ነገ ኩባንያው ቢሸጥ፣ ዋጋ ቢጨምር፣ ቢዘጋ፣ አፑን ባጠፋው እንኳ ፋይሎቹ እዚያው ናቸው፤ በማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ይነበባሉ። ኢንተርኔት አይጠይቅም። ስልክ ላይ መተየብ የሚሰለቸው ሰው ደግሞ የጉግል ኪቦርድ አማርኛ በድምፅ እንደሚጽፍ ይወቅ።

ጉድለቱን አልደብቅም። ለዓይን ደረቅ ነው። ስልኩ ከተሰረቀና ሌላ ቦታ ካልተገለበጠ ሁሉም አብሮ ይሄዳል፤ እኔ በየእሑዱ በኬብል ወደ ላፕቶፕና ወደ አንድ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ዋናው ግን ይሄ ነው፤ ተራ ፋይል ማንም ስልኩን የከፈተ ሰው ያነበዋል። መንገድ ላይ ስልክ በሚፈተሽበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሰው ስም ያለበትን፣ አንድ ሰው አምኖ የነገረኝን ነገር እዚያ አላስቀምጥም። ለዚህ ጽሑፉን ከስልኩ ሳይወጣ በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፉ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከፕሮቶን ጋር የተቀላቀለው ስታንዳርድ ኖትስ አንዱ ነው። እሱ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው፦ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ለኩባንያው ቢያለቅስም የሚከፍትለት የለም። ጉግል ኪፕ ለገበያ ዝርዝርና ለቀጠሮ ምቹ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ስልክ ላይ ይከፈታል፣ የጻፉትንም ጠቅልሎ ማውጣት ይቻላል። ግን ጉግል ከዚያ በፊት "ኖትቡክ" የሚባል የማስታወሻ አገልግሎት ነበረው፤ ዘግቶታል።

አባቶቻችን ይህን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ መልሰውታል። የርስትና የጉልት ውል በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወንጌሉን የሚያቃጥል ወይም የሚፍቅ አይኖርም ብለው። ከተነባቢነቱ ይልቅ የሚቀመጥበትን ቤት ነው ያሰቡት።

በእኛ ሰፈር እድር ባለፈው ወር ይኸው ክርክር ተነሥቶ ነበር። ወጣቶቹ መዝገቡ ወደ አፕ ይግባ አሉ፤ ምክንያታቸውም ጥሩ ነው፣ ክፍያ የዘለለ ሰው ወዲያው ይታያል። ሰብሳቢያችን ጋሼ "መብራት ሲጠፋስ?" ይላሉ ብዬ ስጠብቅ የጠየቁት ሌላ ነው፦ "ጸሐፊው ቢሞት ማን ይከፍተዋል?" ቤቱ ጸጥ አለ። የወረቀቱ መዝገብ ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሦስት መንግሥት አይቷል፤ የይለፍ ቃል ጠይቆ አያውቅም። ብዙ ከተባለ በኋላ መዝገቡ እንዲቀጥል፣ በየወሩ መጨረሻም ገጹ ፎቶ ተነሥቶ ለሦስት የኮሚቴ አባላት በቴሌግራም እንዲላክ ተስማማን።