ሲሾም ያልበላ

ቤታችን እንግዳ መጥቶ ወሬው ወደ አገር ቤት ፖለቲካ ሲዞር «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» ሳይባል አይታለፍም። ትልልቆቹ ይስቃሉ፤ እኛም እንስቃለን። ዘንድሮ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለ አቶ ታምራት ላይኔ ስንማር ግን ተረቱን ጠጋ ብለን አየነው። ለተሻረው ያዝናል፤ ገንዘቡ ስለተበላበት ሰው አንድም ቃል የለውም።

አቶ ታምራት ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ፣ በሙስና ተከሰሱ፤ በ1992 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት 18 ዓመት ፈረደባቸው። የተፈቱት በ2001 ዓ.ም. ነው። አንዱ ጓደኛችን በጣቱ ቆጠረና «ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ማለት እኮ ነው» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ወላጆቻችንን ስንጠይቅ ሁለት ወገን ሆኑ። አንዳንዶቹ «የሕዝብ ገንዘብ የነካ ይታሰር እንጂ!» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ብለው ወሬውን ዘጉት። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጥፋተኛም ሰው ቢሆን ከጓዶቹ ሲጣላ ብቻ ሊከሰስ ይችላል። እኛን የከነከነን፣ ወንበሩ ላይ ሳሉ ማን ይጠይቃቸው ነበር የሚለው ነው። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን እንኳ የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም.፣ እሳቸው ከተፈረደባቸው በኋላ ነው።

እዚህ ኬንያም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 143 መሠረት ፕሬዚዳንት በሥልጣን ላይ እያለ በወንጀል አይከሰስም፤ ሲወርድ ግን ይቻላል። በሌለ የወርቅ ንግድ የመንግሥት ካዝና የተራቆተበት የጎልደንበርግ ቅሌት የተፈጸመው በፕሬዚዳንት ሞይ ዘመን ነበር። መርማሪ ኮሚሽን የተሰየመው እሳቸው ከወረዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሞይ ሳይከሰሱ በ2020 አረፉ።

ከዚያ ትምህርት ወዲህ ለናኩሩ ጉዞ የምናዋጣውን ገንዘብ የሚይዘው ልጅ በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ደብተሩን ከፍቶ ያነብልናል። ድሮ የሚነበበው ኃላፊነቱን ሲያስረክብ ብቻ ነበር። ባለፈው ወር 40 ሽልንግ ጎድሎ ተገኘ። «ማንዳዚ በልቼበታለሁ» አለና ሰኞ መለሰ። ገንዘብ ያዣችን አሁንም እሱ ነው።