ከሁሉ የሚበልጠው ዘፋኝ ማን ነው?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ወደ ጎንደር ሄዳችሁ እንደ ሆነ ወረታን ሳታዩ አላለፋችሁም። መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሁለተኛው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄድባት ከተማ ናት። ክረምት ሲሆን ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ፤ በ1970ዎቹ ወደ አገራችን የገባው ሩዝ ብቻ በውሃው ላይ አረንጓዴ ራሱን ያወጣል። በዚህ ወራት መኪና ይዘገያል፤ መኪና ሲዘገይ ሻይ ቤት ይሞላል፤ ሻይ ቤት ሲሞላ ደግሞ ክርክር መነሣቱ አይቀርም።

እኔ በዚሁ አገር ተወልጄ፣ የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ትምህርቴን ፈጽሜ ከተመለስሁ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አስተምራለሁ። ዕድሜዬ ሃያ አምስት ነው። ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ዝናብ አስገድዶን ከሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ተማሪዬ «ጋሼ፤ በዓለም ካሉት የሮክ ዘፋኞች የሚበልጠው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ኤልቪስ ፕሬስሊ ነው ልለው አፌን ስከፍት፣ አጠገቤ የነበረው የሒሳብ አስተማሪ ቀደመኝ።

«አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደህ? የኛው አለማየሁ እሸቴ እያለ!»

ይህ ጓደኛዬ ስለ አለማየሁ ሲናገር ስለ ሥጋ ዘመዱ የሚናገር ይመስላል። ጅማ መወለዱን፣ በልጅነቱ የሆሊውድ ፊልም ልቡን ሰርቆት አሜሪካ እሄዳለሁ ብሎ ምጽዋ ድረስ ከደረሰ በኋላ ወደ ቤቱ መመለሱን፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ መጀመሩን አንድ በአንድ አስረዳን። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ ደፍሮ ሲያሳትም፣ በመጀመሪያው ሸክላ ላይ የዘፈነው አለማየሁ ነው። (ሃያ አራት ዓመት ሲል ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔ በዚያ ዕድሜዬ የፈተና ወረቀት ከማረም በቀር ያደረግሁት ነገር እንደሌለ ያውቃል።)

የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ግን ስኳሩን እያማሰለ በንቀት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጥላሁን ገሠሠ በተነሣበት ቦታ የሌላ ሰው ስም መጥራት ነውር ነው» አለ። ከሀገር ፍቅር እስከ ክቡር ዘበኛ ያለውን ታሪኩን ተረከልን። በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ የተደረገለትን መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት አነሣና «ለአለማየሁ እንዲህ ተደርጓልን?» ሲል ጠየቀ። የሒሳብ አስተማሪው አለማየሁ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ሲሞት እርሱ ራሱ እንዳለቀሰ ነገረው፤ ይህም እንደ ማስረጃ ሳይቆጠርለት ቀረ። ከጤና ጣቢያ የመጣች አንዲት ነርስ ደግሞ ማሕሙድ አሕመድን አመጣች። ጫማ ይጠርግ የነበረ ልጅ በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሲቀሩ ልሞክር ብሎ መድረክ ላይ ወጣ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን እስኪያቀርብ ድረስም ከመድረክ አልወረደም አለች። ባለሻይ ቤቷ እትዬ ከጓዳ ሆነው «ብዙነሽ በቀለን ምነው ረሳችኋት? ሴት ስለሆነች ነው?» ብለው ሲጮኹ ሁላችንም አፈርን።

የእኔን ሐሳብ ብትጠይቁኝ፣ በድምፅ ጥላሁንን የሚያህል አልሰማሁም፤ በድፍረት ግን አለማየሁ ይበልጥብኛል። ይህንኑ ልናገር ስዘጋጅ ተማሪዬ ወደ በሩ አመለከተ። እዚያ አንድ ሽማግሌ፣ መሰንቋቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ተቀምጠው ነበር።

«እኚህ አባትስ፣ ጋሼ? ከዘፋኝ አይቆጠሩም?»

ጸሐፊው ሣቀ። «እሱማ አዝማሪ ነው እንጂ ምኑ ዘፋኝ ነው!» አለ። ሁሉም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ።

አንባቢዎቼ፤ የእናቴ አባት አዝማሪ ነበሩ። በጥር ወር ሠርግ ከዚህ ሜዳ ዳር እስከ ዳር ሲጠሩ የኖሩ፣ ሙሽራውን ከሚዜው፣ ሚዜውን ከአማቱ እያነሡ የሚያወድሱና የሚሸረድዱ፣ ባለሠርጉ ብር በግንባራቸው ላይ የሚለጥፍላቸው ሰው ነበሩ። እናቴ ለገበሬ ቤት ስትዳር «የአዝማሪ ልጅ» ተብላ ብዙ ተነግሮባታል፤ እኔም በልጅነቴ ከጓደኞቼ ጋር በተጣላሁ ቁጥር የሚወረወርብኝ ድንጋይ ይኸው ስድብ ነበር። ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ ግን የሚያውቀኝ ስለሌለ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። መሰንቋቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ በእናቴ ጓዳ ተሰቅሏል።

ዝናቡ አባራ። ሽማግሌው ተነሡ፣ ለእትዬ የሻዩን ሊከፍሉ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ እርሳቸውም አልቀበልም አሉ። ከዚያም ወደ እኛ ዘወር ብለው «ደኅና ዋሉ፣ ልጆቼ» ብለውን ሄዱ። ሰምተውን ነበር።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ፣ ተማሪዬ ስለ ጠየቀኝ ስለ ኤልቪስ በስልኬ ከፍቼ ማንበብ ጀመርሁ። ኤልቪስ በ1946 ዓ.ም. ስሙን ያስጠራበት የመጀመሪያው ሸክላ የራሱ ድርሰት አይደለም፤ አርተር ክሩዳፕ የሚባል ጥቁር ዘፋኝ ጊታሩን ይዞ ቀደም ብሎ የተጫወተው ነው። ኤልቪስ ንጉሥ ተባለ። ክሩዳፕ ከድርሰቱ የሚገባውን ገንዘብ ሳያገኝ፣ በጉልበት ሥራ ሲተዳደር ኖሮ በ1966 ዓ.ም. ሞተ። ይህን ካነበብሁ በኋላ ስልኬን አጠፋሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ ጥላሁንም አለማየሁም የዘፈኑባቸው ቅኝቶች ከኦርኬስትራ በፊት በማን እጅ ነበሩ? አለማየሁ ጸጉሩን እንደ ኤልቪስ አበጠረ እንጂ ጉሮሮው ከዚሁ አገር አልወጣም። ወደ ጓዳው ገብቼ ጨርቁን ፈታሁት። ሳጥኑ ደኅና ነው፤ ቆዳው ከአንድ ጠርዙ ተላቋል፤ የፈረሱ ጭራ ግን ተበጣጥሶ አልቋል። እናቴ ከአልጋዋ ሆና «ምን እየፈለግህ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኋት።

በሳምንቱ ከዚያው ሻይ ቤት ተገናኘን። ክርክሩ ካቆመበት ቀጥሎ ጸሐፊው «እንግዲህ መምህር፤ አንተ ድምፅ አልሰጠህም፤ ለማን ነው?» አለኝ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ጠፋኝና «አያቴ አዝማሪ ነበሩ» አልሁ።

ጸሐፊው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ «ታዲያ ያን ዕለት ምነው ዝም አልህ?» አለ።

«ዝምስ መቼ አልሁ፤ አብሬህ ሣቅሁ እንጂ» አልሁት።

የሒሳብ አስተማሪው ስለ መሰንቆው ጠየቀኝና ጭራ እንደጎደለው ነገርሁት። እትዬ ይህን ሰምተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ከመንገዱ ማዶ የቆመውን ባለጋሪ ጠርተው ሲነጋገሩ ቆዩና፣ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ እፍኝ የፈረስ ጭራ ይዘው ተመለሱ።

አሁን ጭራውም መሰንቆውም በጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። እንዴት እንደሚወጠር ከመካከላችን የሚያውቅ አልተገኘም፤ እናቴም ዐይታው ዝም ብላለች። ሽማግሌውን በየገበያው ቀን ከመናኸሪያው በር እየቆምሁ ብጠብቅም እስካሁን አላገኘኋቸውም። ጸሐፊውም አብሮኝ ይቆማል፤ ቆመን ሳለንም ስለ ጥላሁን ያስረዳኛል።