በፔካ 12 ዙሪያ የእግር ሽርሽር

ክረምት ማለት በአማርኛም፣ እኔ አፌን በፈታሁበት በትግርኛም፣ የዝናብ ወራት ነው። የባሕር ማዶ ሰዎች ግን ብርዱን ወራት ክረምት ስለሚሉ፣ አማርኛ የሚማር ሹም በዚህ ቃል ቢሳሳት አይፈረድበትም። በጅቡቲ ከተማ ዳር በፔካ 12 እኔም ራሴ ተሳስቼ ነበር። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው አገር፣ በእኛ በጋ በታኅሣሥና በጥር ወደ 25 ዲግሪ ገደማ ይወርድና የፈረንጅ ክረምት መስሎ ለእግር ጉዞ ይመቻል።

ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ከከተማው እስከዚያ ያለውን 12 ኪሎ ሜትር ያመለክታል። የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች ጭነት የሚጠብቁበት አቧራማ ሠፈር ስለ ሆነ፣ ሽርሽር ብሎ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ እኔና አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ወዳጄ፣ እንዲሁም በዕድሜ የሚበልጡንና ጋሼ የምንላቸው ሾፌር፣ ከመኪናዎቹ ሰልፍ ተነሥተን በደረቁ ወንዝ ዳር ዳር ሄድን። ከግራር ሥር ቁመታቸው ከሰው ጕልበት የማያልፍ ሁለት እንሹዎች ቆመው አየንና ትንፋሻችንን ዋጥን። እንሹ ወንድና ሴት ሆኖ ጥንድ ጥንድ የሚኖር እንስሳ ነው። ወዳጄ ሲያስነጥስ በአንድ ዝላይ ተሰወሩ።

ጥቂት እንደ ሄድን ቆሻሻ ከተጣለበት ሜዳ ላይ ፊታቸው ቢጫ፣ ገላቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆኑ ጥንብ አንሳዎች ሰፍረው አገኘን። ጋሼ ድንጋይ አነሡ።

«ይተዉአቸው ጋሼ፣ እንግዶች ናቸው» አልሁ።

«ምን ዓይነት እንግዳ ነው ቆሻሻ ላይ የሚያርፍ?»

እኔም የማውቀውን ነገርኋቸው። ይህ ወፍ የግብፅ ጥንብ አንሳ ይባላል፤ ከ2007 ጀምሮ ዘሩ ሊጠፋ ከተቃረቡት ተቈጥሯል። ከነዚህ አንዳንዱ በቱርክና በካውካስ ተፈልፍሎ ብርዱን ወራት በእኛ ቀጠና ያሳልፋል። ታላላቅ ወፎች ከምድር በሚነሣ ሙቅ አየር ላይ ተንሳፈው ስለሚጓዙ ሰፊ ባሕር ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ብዙዎች በጠባቡ በባብ ኤል ማንደብ ይሻገራሉ። በ1987 የመከር ወራት በዚያ በር ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አዕዋፍ ተቈጥረዋል። ደግሞም ይህ ጥንብ አንሳ የሰጎን ዕንቍላል ለመስበር በአፉ ድንጋይ እያነሣ ይወረውራል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ በእጃቸው ያለውን ድንጋይ አይተው ሣቁ፤ ጣሉትም።

ቀጥሎ የተናገሩት ግን ሣቃችንን አቋረጠው። «በአፋር መንገድ ከመብራት ምሰሶ ሥር እንዲህ ያለ ነጭ ወፍ ሞቶ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። በሽታ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

በሽታ ላይሆን ይችላል። ወፉ በምሰሶው አግዳሚ ላይ ሲያርፍ ክንፉ ሽቦውንና ብረቱን ባንድነት ከነካ ኤሌክትሪክ ይገድለዋል። በፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ መሥመር እጅግ ብዙዎቹን ሲፈጅ ኖሮ፣ በ2014 በተሸፈነ ሽቦ ተተክቷል። ስለዚህ መላ የሌለው ነገር አይደለም፤ ግን የትኛው ምሰሶ እንደሚገድል አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ይህንንም በየሳምንቱ በዚያ መንገድ ከሚመላለስ ሾፌር ይልቅ ማን ያውቃል?

ወዳጄ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ሰጣቸው። ጋሼ ሰኞ ጧት ጭነታቸው ደርሶ ወደ ጋላፊ ሲነሡ፣ ደብተሩ ከመሪው በላይ ከመስተዋቱ ሥር ተቀምጦ አየሁት።