አፈርና ውኃ

ዝናም በዘነመ ጊዜ ውኃው ሁሉ ወደ ወንዝ አይሄድም፤ ከፊሉ በአፈር ውስጥ ይቀራል። አፈርም ሁሉ አንድ አይደለም። የአሸዋ ቅንጣት ትልቅ ስለ ሆነ በመካከሉ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ውኃው ቶሎ ይወርዳል። የዋልካ ቅንጣት ግን ከዱቄት ይልቅ የላመ ነው፤ ቀዳዳውም ጠባብ ነውና ውኃውን አጥብቆ ይይዛል። ጠባብ ቀዳዳ ውኃን ወደ ላይም ይስባል። ይህን የሚጠራጠር ሰው ኩራዙን ይመልከት፤ ጋዙ ከታች ሳለ በክሩ ወደ ላይ ወጥቶ ይበራል።

አንዲት ባልቴት በጓሮዋ የቡና ችግኝ እያፈላች ትሸጥ ነበር፤ የልጆችዋም ቀለብ ከዚያ ነበረ። ታላቁ ልጅዋ ውኃው ቶሎ እንዲወርድ ብሎ፥ ግርጌው በተበሳው ሸክላ ሁሉ ውስጥ ጠጠር አነጠፈ፤ ጥዋትና ማታም አጠጣ። የችግኙ ቅጠል ግን ቢጫ ሆነ። ልጁም የጠማው መስሎት ውኃ ጨመረለት።

አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ መጥቶ አንዱን ነቀለና አሸተተው፤ ሥሩ በስብሶ ነበር።

«ልጄ፥ ይህ በውኃ ጥም አልሞተም፤ ትንፋሽ አጥቶ ነው» አለው።

ሥርም አየር ይሻልና ቀዳዳው ሁሉ ውኃ ሲሞላ ይታፈናል።

«አባባ፥ ጠጠሩሳ?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው እርጥብ ጨርቅ አጥፎ በሁለት እጁ አግድም ያዘው። ጥቂት አንጠባጥቦ ቆመ። በአንድ ጫፉ ቢያንጠለጥለው ግን ዳግመኛ ይንጠባጠብ ጀመር። በረጅሙ ጨርቅ ውስጥ የውኃው ክብደት ወደ ታች ይጫነዋል፤ ባጭሩ ውስጥ ግን ክሩ ይዞ ያስቀረዋል። በሸክላውም እንዲሁ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ውኃውን ወደ ጠጠሩ ሰፊ ቀዳዳ አይለቅም፤ ከበላዩ ያቆመዋል። ጠጠሩም የአፈሩን ቁመት ስላሳጠረው ጭቃው ወደ ሥሩ ቀረበ።

ስለዚህ ጠጠሩን አወጡና አፈሩን ከአሸዋና ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ደባለቁት፤ አሸዋው ውኃውን ያሳልፋል፥ ፍጉም የሚበቃውን ያስቀራል። ልጁም ከዚያ ወዲያ ጣቱን በአፈሩ አግብቶ እርጥበቱን ሳይመረምር አላጠጣም። የቀሩት ችግኞች ዳኑ፤ በዚያ ዓመት ግን ሽያጩ ጥቂት ነበረ።

በኢትዮጵያ የዋልካ መሬት ከ12 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚበልጥ ይገመታል። በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ውኃም ስለሚያቁር በላዩ የተዘራው ስንዴ ይታፈናል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ባላገሩ ለዚህ ብልሃት አለው። ሴቱም ልጁም በእርሻው ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመካከሉም ቦይ ይተዋል። ውኃው በቦዩ ይፈስሳል፤ ስንዴውና ባቄላው በመደቡ ላይ ይተነፍሳል። ሥራው ወገብ ያጎብጣል፤ ስለዚህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ ተሠራ።

ሽምብራ ግን ሌላ ነው። ዝናሙ ሊያበቃ ሲል ይዘራል፤ ዋልካው አጥብቆ የያዘውን ውኃ እየጠጣ በበጋው ያፈራል።