አውሮፕላኑስ እሺ፣ ሊብሬውስ?

ጋዜጠኝነት ስንማር ዜና ማለት ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እና እንዴት ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የያዘ ነው ተብለናል። በ2007 ዓ.ም. የአስመላሽ ዘፈሩ ወሬ አገሩን ሲያዳርስ (ያኔ ገና ዩኒፎርም ለባሾች ነበርን) ስድስቱም መልስ ነበራቸው። ሰውየው በሕዝብ ጤና ከዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቋል። አብራሪ ልሁን ቢል ቁመትህ በአንድ ሴንቲ ሜትር አነሰ ተባለ። እሱም መጽሐፍ እያነበበና ዩቲዩብ እያየ በቮልስዋገን ሞተር የራሱን አውሮፕላን ሠራ። ስሟን ኬ-570ኤ አላት፤ ኬ ከእናቱ ስም የመጣ ነው፣ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን ነው። ሰንዳፋ አካባቢ ሊያበራት ሞከረ፤ የመጀመሪያው ሙከራ አልሰመረም። ሁላችንም አጨበጨብን። ሰባተኛውን ጥያቄ ግን ከእኛ ሰፈር ያነሣ አልነበረም፦ ለመሆኑ ይህቺ ነገር ብትነሣ በማን ስም፣ በማን ፈቃድ ነው የምትበረው?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብን የራሳችን ጉዳይ ነው። ለመስቀል ቸሃ ነበርን። የጉራጌን መንደር የምታውቁ ጀፎረን ታውቃላችሁ፤ በግራና በቀኝ በተደረደሩ ቤቶች መሐል የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ነው። ከብት ይሰማራበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ መስቀልም ለቅሶም እዚያው ነው። ከዘመዶቻችን አንዱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ጀፎረው ላይ ቆሞ "ይሄኮ ማኮብኮቢያ ነው!" አለ። ሳቅን። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ በቧንቧ ብረት በይዶ የጀመረውን አካል አሳየን። ሞተር ፍለጋ መርካቶ ሊመጣ ነው። አጎታችን ክትፏቸውን እንደያዙ ቀና ብለው "ልጄ፣ ለባጃጅ እንኳ ታርጋ ይጠየቃል። የዚህን ማን ይሰጥሃል?" አሉት። ልጁ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን፤ አናውቅማ!

አዲስ አበባ ተመልሰን ማንበብ ጀመርን። ነገሩ በመኪና ቋንቋ ቢገባችሁ ይሻላል፤ ለእኛም የገባን እንደዚያ ነው። መኪና ሊብሬ አለው፣ ቦሎ አለው፣ ሾፌሩ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አለው። አንዱ ለአንዱ አይተካም። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ምዝገባው ሊብሬው ነው፤ የማን ንብረት እንደሆነና የየት አገር ዜጋ እንደሆነ ይናገራል። ዜጋ ማለታችን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት አውሮፕላን በተመዘገበበት አገር ዜግነት ይይዛል ይላል፤ በሁለት አገር መመዝገብም አይፈቅድም (እንደ እኛ፣ ጥምር ዜግነት የለም)። የኢትዮጵያ መለያ "ኢ" እና "ቲ" የሚባሉት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ከእነሱ ቀጥሎ ሦስት ፊደላት ይገባሉ። መዝጋቢው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሊብሬው ይገኛል እንበል። ጣጣው ያለው ቦሎው ላይ ነው። ፋብሪካ የሠራው ሴስና ንድፉ አንዴ ተፈትሾ ጸድቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጡት እህቶቹ ያንኑ ንድፍ መከተላቸው ይታያል። የእኛ ልጅ አውሮፕላን ግን እህት የለውም። ከምን ጋር ይመሳከር? ሞተሩ ለመኪና የተሠራ፣ ብየዳውም የራሱ እጅ። መርማሪው "ብቁ ነው" ብሎ ቢፈርም በምን ልቡ ነው የሚፈርመው?

አሜሪካኖች ይህን ቋጠሮ የፈቱበት መንገድ ደስ ብሎናል። ብቁ ነው አይሉም፤ "የሙከራ" ይሉታል። ሠሪው ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ ከሥራው ግማሽ በላዩን በእጁ እንደሠራ ማስረዳት አለበት፤ ለዚህም የሥራ ደብተርና ፎቶ ይይዛል። መርማሪ መጥቶ ያያል። ከዚያ ወዲያው ሰማዩን አይለቁለትም። ሞተሩና ፕሮፔለሩ ማረጋገጫ የሌላቸው ከሆኑ በተለምዶ 40 ሰዓት ተሳፋሪ ሳይዝ፣ ከሰው መኖሪያ በራቀ በተከለለ ቦታ ብቻ ይበራል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጓዳው ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፤ ይህ በግለሰብ የተሠራ ነው፣ ለመደበኛ አውሮፕላን የወጣውን የደኅንነት ደንብ አያሟላም፣ የሚል። የሚሳፈር አውቆ ይሳፈር ነው ነገሩ። ቁጣም ጭብጨባም የለበትም።

ጀፎረን አስቡት እንግዲህ። "ከሰው መኖሪያ የራቀ" የሚለው ሐረግ እዚያ አይሠራም። ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ግን በሁለቱም ዳር ቤት ነው፤ ሣሩ ላይ የሚሯሯጡት ደግሞ የአክስቶቻችን ልጆች ናቸው። ሞተሩ ሃያ ሜትር ላይ ቢጠፋ የት ነው የሚያርፈው? እኛን እንቅልፍ የነሣን ይሄ ነው እንጂ ወረቀቱ አይደለም።

በአገራችን የተሠራች አውሮፕላን እኮ እናከብራለን። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው አውሮፕላን በወረራው ተወስዳ ኢጣሊያ ሙዚየም ውስጥ ኖራ፣ ጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ ደስታው ልክ አልነበረውም። ደስታው ተገቢ ነው። ዛሬ በየጓሮው ለሚበይደው ልጅ ግን ሰው እጁ ላይ የሚያየው ወይ ጭብጨባ ወይ "አብዷል" ነው። በመሐል አንድ በር ያስፈልጋል ባይ ነን፦ ገና ሞተር ሳይገዛ ገብቶ "ይህን ልሠራ ነው፣ ምን ምን ላሟላ?" ብሎ የሚጠይቅበት፣ ተከልሎ የሚሞክርበት ሜዳም የሚነገርበት። ከሠራ በኋላ ከማሳደድ ይህ ይረክሳል።

ለዘመዳችን ደውለን ይህንኑ ነገርነው። ደብተር ያዝ፣ እያንዳንዷን ብየዳ ፎቶ አንሣ፣ ሞተሩን መጨረሻ ግዛ፣ ከሁሉ በፊት ባለሥልጣኑ ዘንድ እንሂድ አልነው። ትንሽ አሰበና "እስካሁን የበየድኩትስ? ፎቶ የለውም" አለን። ቁረጠውና እንደገና በይደው ለማለት አፋችን አልታዘዘልንም። እሱ ግን ቀድሞን "ለነገሩ የግራው ክንፍ ትንሽ ጠሞብኝ ነበር" አለ። ሰኞ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።